ሬዲዮ ወጥ ቤት ሲገባ

ባለፉት እትሞች ስለ ነገሥታቱም ስለ ጦርነቱም ብዙ ጥሩ ጥሩ ጽሑፍ አንብበናል። እኔ በዚህኛው እትም ስለ ሬዲዮ ልጽፍ ነው። «ሬዲዮ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የምትሉ አትጠፉም። ለእኔ ግን ትልቅ ታሪክ ነው። ጋዜጣ ለማንበብ ፊደል መቁጠር ይጠይቃል፣ ስብሰባ ለመሄድ ፈቃድ ይጠይቃል። ሬዲዮ ግን እጅሽ ሊጥ ውስጥ ሆኖም ይሰማል። ሰው ቤት ለምትሠራ ሴት የአገሩ ወሬ፣ የመንግሥቱ ነገር፣ ዘፈኑም ጭምር የሚደርሳት በዚህ በኩል ነበር። ስለዚህ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ በዚያን ጊዜ ሬዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያወራ ማንን አስቦ ነበር የሚያወራው?

ዓመቱን በኛ አቆጣጠር ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ፣ በፈረንጅ ስጽፍ እ.ኤ.አ. እላለሁ፣ እንዳትደናገሩ።

የኢትዮጵያ ሬዲዮ የተጀመረው በ1927 ዓ.ም. አቃቂ ላይ ነው። ጣቢያውን የሠራው አንሳልዶ የሚባል የጣሊያን ኩባንያ ነበር። ጉዱን እዩት እንግዲህ! ሬዲዮ የሠራልን ጣሊያን፣ ብዙም ሳይቆይ ሊወረን የመጣውም ጣሊያን። ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ ጣቢያ የአገሪቱን አቤቱታ ለዓለም አሰሙበት። እቴጌ መነንም በ1935 እ.ኤ.አ.፣ ጦርነቱ ሊጀመር ሲል፣ ለዓለም ሴቶች በሬዲዮ ተናግረዋል። ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ ናት ንግግሩን በእንግሊዝኛ ያሰማችላቸው። እናት ለእናቶች ስለ ሰላም ስትለምን ማለት ነው። የለመኑት አልተሰማላቸውም፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ፣ ሬዲዮውም ከከተማው ጋር ሄደ። ቢሆንም ከአቃቂ ከወጡት የመጀመሪያ ድምፆች ውስጥ የሴት ድምፅ እንደነበረበት ሳውቅ ደስ ብሎኛል።

ነጻነት ሲመለስ፣ በ1933 ዓ.ም.፣ ሬዲዮውም ተመለሰ። በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በአረብኛ ነበር የሚያሰማው፣ በቀን ወደ 4 ሰዓት ያህል። አዎ፣ 4 ሰዓት ብቻ። ዛሬ ስልካችን ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያድራል፣ ያኔ አገር በሙሉ ጆሮውን ይዞ የሚጠብቀው ለዚያች 4 ሰዓት ነው። ሬዲዮ ያለውም ሰው ጥቂት ነበር። የሌለው ሕዝብ አደባባይ ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ሥር ቆሞ ነው የሚሰማው። የቆመ ሰው ደግሞ የተባለውን ነው የሚሰማው፣ ጣቢያ መቀየር የለ፣ ድምፅ መቀነስ የለ።

አሁን ወደ አያቴ ልምጣ፣ የእናቴ እናት። አያቴ ከደጀን አዲስ አበባ የገባችው በ1950 ዓ.ም. ገደማ ነው፣ ዕድሜዋም አሥራ አራት ቢሆን ነው። ጉለሌ አካባቢ አንድ የመንግሥት ሰው ቤት ተቀጠረች። ሥራሽ ምን ነበር ብዬ ስጠይቃት «ሥራ ምኑ ይጠየቃል፣ ያው ሁሉም ነዋ» ነው መልሷ። ይህንን መልስ እዚህ ያለን ሴቶች ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሬዲዮው ሳሎን ውስጥ ነበር። ትልቅ የእንጨት ሣጥን፣ ከላዩ ዳንቴል የለበሰ። የዚያን ጊዜ ሬዲዮ ሲከፈት ቶሎ አይናገርም፣ ውስጡ ያለው አምፑል መሰሉ ነገር እስኪሞቅ ድረስ ዝም ይላል፣ ከዚያ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ድምፁ ቀስ እያለ ይጎላል። አያቴ መጀመሪያ የሰማች ቀን ከሣጥኑ ኋላ ሄዳ አይታለች። መክፈቻውን የሚነኩት ጋሼ ብቻ ናቸው። እትዬ እንኳን እሳቸው በሌሉበት ነው የሚነኩት። አያቴ ዳንቴሉን አንሥታ አቧራውን ትጠርጋለች እንጂ ቁልፉን ነክታው አታውቅም። የምትሰማው ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነው፣ ሽንኩርት እየከተፈች።

ሰዓት የላትም፣ ሰዓቷ ሬዲዮው ነበር። የቀኑ 7 ሰዓት ዜና ሲጀምር ምሳ ገበታው ላይ መሆን አለበት። የማታው 2 ሰዓት ዜና ሲያልቅ የእግር ውሃ ሞቆ መቅረብ አለበት። የመጨረሻው መዝሙር ተመቶ ሬዲዮው ሲዘጋ ደግሞ «ዛሬም አለቀ» ብላ ትተነፍሳለች። ከዚያ በኋላም ዕቃ ማጠብ አለ እርግጥ፣ ግን ለራሷ የቆጠረችው ሬዲዮው እስኪዘጋ ያለውን ነው።

በመካከል የሚሰማው ብዙ ዓይነት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዛሬ የት ሄዱ፣ ማንን ተቀበሉ፣ ምን መረቁ የሚለው ዜና አለ። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ አለ፣ ጥላሁን ገሠሠ ገና ወጣት ሆኖ ከዚያው ኦርኬስትራ ጋር የሚዘፍንበት ጊዜ ነው። የሀገር ፍቅር ቤት ሰዎች ክራርና ማሲንቆ አለ። አያቴ ማሲንቆ ሲመጣ ደጀን ትገባለች፣ በአእምሮዋ ማለቴ ነው። እትዬ ግን የሚወዱት ኦርኬስትራውን ነበር፤ ማሲንቆ ሲመጣ «ኤጭ፣ የባላገር ነገር» ይሉ ነበር አሉ። አንድ ሬዲዮ ሁለት ሴት፣ አንዷ ሳሎን አንዷ በር ላይ።

ሮማነወርቅ ካሣሁን የምትባል ጋዜጠኛም ነበረች። በኢትዮጵያ ሬዲዮ የመጀመሪያዋ ሴት ጋዜጠኛ ተብላ ስሟ ይነሣል፣ መጻሕፍትም ጽፋለች። ለአያቴ ሴት በሬዲዮ ስትናገር መስማት ራሱ ተአምር ነው። «ወንዶቹ ዝም ብለው ሲሰሟት አየሁ» ትላለች፣ ያ ነው በይበልጥ የገረማት። ስለ ቤትና ስለ ልጅ አያያዝ በሬዲዮ ምክር ሲሰጥ እትዬ ድምፁን ከፍ ያደርጉታል። ምክሩ «ቤትሽን»፣ «ልጅሽን» ነው የሚለው። አያቴ በሩ ላይ ቆማ፣ ቤቱን የምታጸዳው እሷ፣ ልጁን አዝላ የምታስተኛው እሷ፣ ምክሩ ግን የሚነገረው ለእትዬ ነው። አንድ ጊዜ ስለ ልጅ ትኩሳት የተባለውን ከበሩ ላይ ሰምታ፣ ሕፃኑ ሲያተኩሰው በሰማችው መሠረት በለብ ያለ ውሃ ነክራ በጨርቅ አበረደችው። እትዬ «ማን አስተማረሽ?» አሏት። «ሬዲዮ» አለች። «ለአንቺ ነው እንዴ የሚናገረው?» ብለው ሳቁ። በክፋት አይደለም ትላለች አያቴ፣ ግን ይኸው ስልሳ ምናምን ዓመት አልረሳችውም።

በዚያው ዘመን እንግሊዝ አገር የነበረውን ሳነብ ነው ይህ የአያቴ ነገር የባሰ የገባኝ። ቢቢሲ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሦስት ዓይነት ብሔራዊ ሬዲዮ ነበረው። አንዱ ለቤተሰብ፣ ለዜናና ለቁም ነገር የሚሆን ነው፤ ሁለተኛው በ1945 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ ለመዝናኛና ለቀላል ሙዚቃ፤ ሦስተኛው በ1946 እ.ኤ.አ. የመጣ፣ ማታ ማታ ለተማረ ሰው፣ ረጅም ሙዚቃና ግጥም የሚያሰማ። ሕዝቡ በዓመት አንድ ፓውንድ የሬዲዮ ፈቃድ እየከፈለ ነው የሚሰማው።

ቀናቸው እንዴት ነበር መሰላችሁ። በኛ ሰዓት ልቁጠረው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት አለፍ ሲል የቤት እመቤቶች የመረጡት ሙዚቃ ይመጣል፣ በፖስታ ካርድ ጽፈው የጠየቁት ማለት ነው፣ ዕቃ እያጠቡ ይሰሙታል። ረፋዱ ላይና ከሰዓት በኋላ ለፋብሪካ ሠራተኞች ሳይቋረጥ ግማሽ ግማሽ ሰዓት የሚመታ ሙዚቃ አለ። በምሳ ሰዓት ከአንድ ፋብሪካ የመመገቢያ አዳራሽ በቀጥታ ቀልድና ዘፈን ይተላለፋል። 7 ሰዓት ከ45 ላይ ለትንንሽ ልጆች ተረት፣ ሩብ ሰዓት ብቻ፣ ከእናታቸው ጋር ቁጭ ብለው የሚሰሙት። 8 ሰዓት ላይ የሴቶች ሰዓት። ይሄኛው በጥቅምት 1946 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ እስከ ዛሬ አለ፤ አስቂኙ ነገር የመጀመሪያው አቅራቢ ወንድ ነበር፣ አለን አይቪሚ የሚባል። 11 ሰዓት ላይ የልጆች ሰዓት። 12 ሰዓት ከ45 ላይ ስለ ገበሬ ቤተሰብ የሚተረክ ድራማ። ማታ 3 ሰዓት ትልቁ ዜና፣ ከለንደን ትልቅ ሰዓት ደወል ጋር።

የገበሬው ድራማ ከጥር 1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመላ አገሪቱ የተላለፈ ነው። የግብርና ሚኒስቴር ሰዎች ያማክሩት ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ምግብ በራሽን ስለነበረ ገበሬው በወሬ መካከል አዲስ የእርሻ ዘዴ እንዲማር ነው። ብልጠት ነው። ሰው «ና ተማር» ሲሉት ይሸሻል፣ «የጎረቤትህን ጉድ ስማ» ሲሉት ግን ሬዲዮው ሥር ይቀመጣል።

የፋብሪካው ሙዚቃ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የኛ ነገር ስለሆነ። የተጀመረው በሰኔ 1940 እ.ኤ.አ.፣ በጦርነቱ መካከል ነው። ጥይትና አውሮፕላን የሚሠሩ ሠራተኞች፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ ረፋድ ላይና ከሰዓት በኋላ ይደክማቸዋል፣ ሥራው ይቀንሳል። ታዲያ በድካማቸው ሰዓት አንድ ወጥ ፍጥነት ያለው ሙዚቃ ተለቀቀላቸው። በጣም ዝግ ያለ አይመረጥም፣ እንቅልፍ ያመጣል። ማጨብጨብ ያለበትም አይሆንም። አንድ የታወቀ የአሜሪካ ዘፈን ሠራተኛው ከዜማው ጋር መሣሪያውን እየደበደበ ስላስቸገረ ከፕሮግራሙ ተከልክሏል። እንግዲህ ደግነት ብቻ እንዳልነበረ ይታያችኋል፣ ሙዚቃው እጅ እንዲፈጥን ነው የተሰጠው። የምሳው ሰዓት ፕሮግራም ግን ለየት ይላል። የሠራተኛ ሚኒስትሩ ኤርነስት ቤቪን የደገፉት ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው በልጅነታቸው የእርሻ ሠራተኛ የነበሩ፣ በኋላም የሠራተኛ ማኅበር መሪ የሆኑ ሰው ናቸው። ያ ፕሮግራም የሚተላለፈው ሰው ቁጭ ብሎ ሲበላ ነው። ይህ እንዲሆን መጀመሪያ የታወቀ የምሳ ሰዓት መኖር አለበት! ሰዓት ቆጥሮ የሚያርፍ ሠራተኛ ሲኖር ነው ሬዲዮም በዚያ ሰዓት መጥቶ የሚያጫውተው። ለአያቴ የተቆረጠ የዕረፍት ሰዓት ስላልነበራት የሷ የሆነ ፕሮግራምም ሊኖራት አይችልም ነበር። እዚህ አገር በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት ዕረፍት፣ በሳምንትም አንድ ቀን ይል ነበር። አሁን ያለውን ደንብ ያላወቃችሁ እወቁት፣ እግረ መንገዴን ነው ያነሣሁት።

የእንግሊዝ የቤት እመቤት ለምን ሬዲዮ አስፈለጋት ብላችሁ ጠይቁ። ከጦርነቱ በፊት እዚያ አገር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሴቶች ሰው ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ፋብሪካ ወጡ፣ ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ወደ ገረድነት አልተመለሱም። እመቤቲቱ ብቻዋን ቀረች፣ ራሷ ማጠብ፣ ራሷ መጥረግ ጀመረች። ብቸኛ ሆና ስትሠራ ነው ሬዲዮ ጓደኛ የሆናት። ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ አንድ ሐኪም ሚስት በየቀኑ የሚተላለፍ ድራማ ነበር። በዚያ ድራማ ውስጥ ቤት የምታጸዳ ሴት ገጸ ባሕርይም አለች፣ ሚስዝ ማግስ የምትባል። ለሳቅ የገባች ናት አሉ። ቢሆንም አለች! ስም አላት፣ ትናገራለች፣ አገር ይሰማታል። አያቴ በሩ ላይ በቆመችባቸው ዓመታት ሁሉ እንደሷ ያለች ገረድ በሬዲዮ ስትናገር ሰምታ አታውቅም።

ወደ አዲስ አበባ ልመለስ። ለአያቴ ሬዲዮው ለሷ የተናገረበት ጊዜ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው የአበበ ቢቂላ ነው። በሮም ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አንደኛ ሲወጣ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። አያቴ ዶሮ እየገነጠለች ነው ወሬው የደረሳት። ጋሼ ጮኹ፣ እትዬ እልል አሉ፣ ዘበኛውም ሳይፈቀድለት ሳሎን ገባ። «በባዶ እግሩ» ሲባል አያቴ የራሷን እግር አየች። እሷም ባዶ እግሯን ነበረች። ጫማ የገዛችው ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ነው።

ሁለተኛው ከሦስት ወር በኋላ መጣ፣ አበበ ከሚያገለግልበት ከዚያው ከክብር ዘበኛ። ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሄደው ሳለ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። ታኅሣሥ 5 ቀን 1953 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን የአዲሱን መንግሥት መግለጫ በሬዲዮ አነበቡ። ያን ቀን ጋሼ ከቤት አልወጡም። መስኮቱ ተዘጋ፣ ሬዲዮው ግን ተከፍቶ ዋለ። ስለ ድህነት፣ ስለ ኋላ ቀርነት፣ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ወደፊት ሲሄዱ እኛ ስለ መቅረታችን ተነገረ። አልጋ ወራሹም ከእንግዲህ በሕገ መንግሥቱ መሠረት በደመወዝ አገሪቱን እንደሚያገለግሉ ተናገሩ።

አያቴ ከንግግሩ ሁሉ የያዘችው ይህችን ቃል ነው፣ ደመወዝ። እሷ ሦስት ዓመት ስትሠራ በዓመት ሁለት ቀሚስ፣ የምትበላው፣ የምትተኛበት፣ ለፋሲካ ለእናቷ የሚላክ ትንሽ ብር ነው የምታገኘው። በወር ተቆርጦ እጇ ላይ የተቀመጠ ነገር የለም። ዘበኛውን «ደመወዝ ምንድነው?» ብላ ጠየቀችው። ዘበኛው በወር ይቀበል ስለነበር አስረዳት። «የንጉሥ ልጅ ደመወዝ ካለው እኔስ?» አለች። ዘበኛው አፏን ያዘላት፣ እውነት በእጁ ነው የያዘው፣ ዘመኑ የሚያስፈራ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በታሪክ ትምህርት ተምረናል። ጦሩ ለሁለት ተከፈለ፣ ከአውሮፕላን ወረቀት ተበተነ፣ የፓትርያርኩ የአቡነ ባስልዮስ የውግዘት ቃል ያለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ውጊያ ሆነ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ ሹማምንት ተረሸኑ። ንጉሠ ነገሥቱ በአሥመራ በኩል ተመለሱ። ሬዲዮው ያንን ሁሉ የተናገረውን ትቶ እንደ ወትሮው ንጉሠ ነገሥቱ የት ሄዱ፣ ማንን ተቀበሉ ወደ ማለት ገባ። ክብር ዘበኛ ፈረሰ፣ ጥላሁን ገሠሠም ለተወሰነ ጊዜ ታስሯል። አያቴ የምታስታውሰው ቀኑ ዝም ማለቱን ነው። የጠዋት ዜና አለ፣ የቀን ዜና አለ፣ ሁሉም በሰዓቱ ነው፣ ግን ከበሩ ላይ ስትሰማው እንደ ባዶ ጋን ሆነባት። በ1954 ዓ.ም. ለፋሲካ አገሯ ሄዳ ስትመለስ ለእትዬ «በወር ይቁረጡልኝ» አለች። ስድስት ብር ተቆረጠላት። እኔ እንደ ታሪክ የምቆጥረው ይህቺን ስድስት ብር ነው።

በዚያው ዓመት ጥር 13 ቀን ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። አያቴ ኳስ አይገባትም፣ ጩኸቱን ብቻ ነው የምታስታውሰው፣ ስለዚህ እኔም አልፈዋለሁ፣ ወንድሞች ይጻፉበት። በ1963 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብስራተ ወንጌል የሚባለው የሉተራውያን ጣቢያ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፣ ድምፁ ጥርት ያለ፣ በብዙ ቋንቋ እስከ እስያ የሚሰማ። እንግዲህ መክፈቻው ሁለት ቦታ መዞር ጀመረ። አሁን ሰው ይመርጣል። ዶይቼ ቬለ በ1965 እ.ኤ.አ. በአማርኛ ሲጀምር ምርጫው ሦስት ሆነ፣ የአገርን ወሬ ከውጭ አገር መስማትም ያኔ ተለመደ። እኛ ዛሬ ሪያድ ሆነን የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ስለ ሪያድ ካነሣሁ አይቀር። እኔ የምሠራው ፉጣ ነው፣ መሀል ከተማው። በአረብኛ ፉጣ ማለት ያው ፎጣ ነው፣ መጀመሪያ አድራሻውን ስነግራት እናቴ ስቃለች። ሰፈሩ አሮጌ ነው፤ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ለልዑል ሳዑድ የተሠራው ቀዩ ቤተ መንግሥት እዚሁ ነው፣ የንጉሥ አብዱልአዚዝ የሙረባ ቤተ መንግሥትም ቅርብ ነው። ስለዚያ ንጉሥና ስለ ሬዲዮ የሚነገር ወሬ አለ። የሃይማኖት አዋቂዎች ያለ ሽቦ የሚመጣ ድምፅ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ሲቃወሙ፣ ንጉሡ በዚያው መሣሪያ ቁርኣን አስነብበው አሰሟቸው፣ ሰይጣን ቁርኣን አይቀራም ብለው ዝም አሉ ይባላል። የሳዑዲ ሬዲዮ በ1949 እ.ኤ.አ. ከጅዳ ጀመረ፣ ሪያድ ጣቢያ ያገኘችው ከዚያ ወዲህ በ1960ዎቹ ነው።

የምሠራበት ቤት ያሉት አሮጊት፣ ኡሚ ነው የምላቸው፣ የእንጨት ሬዲዮ መደርደሪያ ላይ አላቸው፣ አይሠራም። በየሳምንቱ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ለምን እንደማይጥሉት ጠየቅኋቸው። ባለቤታቸው ከካይሮ የአረቦች ድምፅ የሚባለውን ጣቢያ በሱ ይሰሙ እንደነበር፣ በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ማታ ኡም ኩልሡም ስትዘፍን ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው እንደሚያደምጡ ነገሩኝ። «እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ነበርኩ፣ ሻይ አፍልቼ» አሉኝ። አያቴን አሰብኩና ስለሷ ነገርኳቸው፣ በተሰባበረ አረብኛዬ። «ስድስት ብር ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በዚያን ጊዜ ገንዘብ ከሁለት ዶላር ተኩል ትንሽ ያነሰ ነው አልኳቸው። «ትንሽ ነው» አሉ። ትንሽ ነው።

ሬዲዮን ከሳሎን ያወጣው ትራንዚስተር ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ቀረበ፣ በዓመቱ የጃፓኑ ሶኒ የራሱን ሠራ፣ ከዚያ እየረከሰ ዓለምን አዳረሰ። መሞቅ አያስፈልገውም፣ መብራትም አይፈልግም፣ በድንጋይ ይሠራል። ሬዲዮ አሁን ወጥ ቤት ገባ፣ እረኛ ትከሻ ላይ ወጣ፣ መክፈቻውንም ሁሉም ነካው። አያቴ ከአዲስ አበባ ለቅቃ ደጀን አግብታ ስትመለስ ካጠራቀመችው ብር የገዛችው አንድ ትራንዚስተር ነበር። ባሏ «ለሴት ሬዲዮ?» ብሎ ነበር፣ በኋላ ግን ከሷ ይልቅ እሱ ያዘው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን መውረዳቸውን፣ ኅዳር 15 ጠዋት የስልሳዎቹን መገደል፣ የካቲት 25 መሬት የሕዝብ መሆኑን፣ ይህንን ሁሉ በዚያች ሬዲዮ ነው ደጀን የሰማችው። በተለይ የመሬቱ አዋጅ ሲነበብ ግቢው ሰው ሞልቶ ነበር፣ አንዳንዱ ያለቅሳል አንዳንዱ ይስቃል። ብስራተ ወንጌልንም በ1969 ዓ.ም. መንግሥት ወረሰው፣ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ፕሮግራሙ እየረዘመ፣ ሰልፍና መፈክሩ እየበዛ ሄደ።

ከሁሉም ግን አያቴ የምትወደው የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ የተረከው ተዋናይ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የወጣ ነው፣ ታሪኩም የጎጃም ነው፤ እነ ማንኩሳ፣ እነ ዲማ የደጀን ሰው የሚያውቃቸው አገሮች ናቸው። ሰዓቱ ሲደርስ ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል። ቡና ይፈላል፣ ሕፃን ካለቀሰ ይወጣል። አያቴ ማንበብ አትችልም፣ ያንን መጽሐፍ ግን በቃሏ ታውቀዋለች፣ ሰብለወንጌልንም ጉዱ ካሣንም እንደ ጎረቤት ነው የምታነሣቸው። እናቴ ያኔ ልጅ ነበረች። ሥራዋ ከትረካው በፊት የደከመውን የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣትና ትንሽ ሲሞቅ መልሳ መክተት ነበር። ፀሐይ ከሌለ አመድ ዳር ታሞቀዋለች። አንዳንድ ቀን ወጋየሁ በዓረፍተ ነገር መካከል ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ይጠፋል። ያን ጊዜ ሰዎቹ አይነሡም ነበር። ቀጥሎ ምን ሊል እንደሆነ እየተከራከሩ ቡናውን እስከ ሦስተኛው ይጠጣሉ።